ሦስት ኪንታሮትና አንድ የዓሣ ዓይን

ቅዳሜ ጠዋት ቺጉሳ የታጠበውን ልብስ ከማሽኑ እያወጣች ሳለ አማቷ ወይዘሮ ኪኑኤ ኮሪደሩ ላይ ስልክ ያወሩ ነበር። ሴትዮዋ ጆሯቸው ከከዳቸው ወዲህ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ ሲመስላቸው ነው ይበልጥ የሚሰሙት፤ የሚያንሾካሹኩትን ጎረቤት ሁሉ ያደምጠዋል። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ኮቤ ከተማ የተዳረችው ሴት ልጃቸው ሳቶሚ ነች። «አታስቢ፣ ለልጆቹ አይተላለፍም፣ ለበዓሉ ይዘሻቸው ነይ» ይላሉ። «ፎጣዋን ለይቼዋለሁ። መታጠቢያ ገንዳውም ውስጥ የምትገባው ከሁላችን መጨረሻ ነው። ምን ይደረግ፣ ከዚያ ከምትሠራበት መደብር፣ ከስንቱ ሰው እጅ ለቅማ ያመጣችብን ጣጣ ነው።» ቺጉሳ እርጥቡን አንሶላ እንደታቀፈች ቆማ ቀረች። ደሟ ፈላ። ለነገሩ ጣጣው የተባለው ምን መሰላችሁ፣ ሦስት ኪንታሮት ነው። ሁለቱ ቀኝ እጇ ሌባ ጣት ላይ፣ አንዱ አውራ ጣቷ ጥፍር ሥር። ዓመት ተኩል ሞላቸው፣ ያልሞከረችው ነገር የለም፣ እነሱ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ያናደዳት ስለ ፎጣው መነገሩ አይደለም። የፎጣውስ ይሁን። ገንዳ ውስጥ መጨረሻ የምትገባው ኪንታሮት ስላወጣች ተደርጎ መወራቱ ነው አንጀቷን ያሳረረው። ተድራ ወደዚህ ቤት ከመጣች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አሥራ ዘጠኙንም ዓመት መጨረሻ የምትገባው እሷ ነች። መጀመሪያ አማቷ፣ ከዚያ ባሏ ኖሪዩኪ፣ የባሏ አባትም ነፍሳቸውን ይማርና በነበሩ ጊዜ ከሁሉ ቀድመው እሳቸው፤ ሁሉም ገላውን ከገንዳው ውጭ ታጥቦ፣ በዚያው በአንዱ ውሃ ተራ በተራ ተዘፍዝፎ ሲወጣ፣ እሷ የእራቱን ዕቃ አጥባ ጨርሳ ለብ ወዳለው ትርፍ ትገባለች። ይህ ነገር ምራት መሆን እንጂ በሽታ ተብሎ አያውቅም ነበር። አሁን ግን የሰው ክፋት ሳይሆን የእሷ ነውር ሆኖ ኮቤ ድረስ ተወራ። አንሶላውን በረንዳ ላይ አሰጣችው።

ወጥ ቤት ስትመለስ ወይዘሮ ኪኑኤ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል፤ ፊታቸው ሳህን ላይ ከነቆቡ የተቆረጠ ደበርጃን ተቀምጧል። ቁርስ ሳይቀመስ ነው የሚሠራው። እጇን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና በደበርጃኑ የተቆረጠ ፊት ኪንታሮቶቹን ያሹ ጀመር፣ በግራ በኩል እያዞሩ፣ ሰላሳ ጊዜ፣ ከንፈራቸው ቁጥሩን እየቆጠረ። ከታሸ በኋላ ቆቡ ማንም ሳያይ ከቤቱ ክፈፍ ሥር መቀበር አለበት፤ እሱ አፈር ውስጥ ሲበሰብስ ኪንታሮቱም አብሮ ይበሰብሳል። ቤቱ ግን ባለ ስምንት ፎቅ አፓርታማ አምስተኛው ላይ ነው፣ ክፈፍ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ወይዘሮ ኪኑኤ ላለፉት ሁለት ወራት ቆቡን ሲቀብሩ የከረሙት መግቢያው ላይ ካለው የአበባ መደብ ውስጥ ነው። የሕንፃው ጠባቂ ደግሞ ቆፍሮ እያወጣ ይጥልና በመጨረሻ «እባካችሁ በአበባው መደብ የወጥ ቤት ትርፍራፊ አትቅበሩ» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ኪንታሮቱ ለምን አልለቀቀም ሲባል የአማቷ መልስ ያ ነው፤ ጥፋቱ የደበርጃኑ ሳይሆን የጠባቂው ነው።

ከደበርጃኑ በፊት ሐቶሙጊ ከሚሉት እህል የሚፈላው ሻይ ነበር፣ በቀን ሦስት ኩባያ፣ ሽንቷን ከማብዛት በቀር ያመጣው የለም። ከሻይው በፊት የጎረቤት በለስ ወተት፣ ከበለሱ በፊት ከቤተ መቅደስ የመጣ ጠጠር፣ ከጠጠሩ በፊት የሚነድ የዕጣን እንጨት ጫፍ። ያ የመጨረሻው ጣቷን አቁስሎ ሁለት ሳምንት አስለቅሷታል። ባሏ በበኩሉ ከኢንተርኔት ያነበበውን ኮምጣጤ በጥጥ አስሞከራት። አሁን ዳቦውን እየገመጠ ስልኩን ይመለከታል። ቺጉሳ ስለ ስልኩ ወሬ ልትነግረው ዓይኑን ብትፈልገው አላገኘችውም። ደበርጃኑን ግን አየና «ቢሞከር ምን ይጎዳል» አለ። አማቷ ቆቡን በጋዜጣ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ፣ ወደ ታች ሊወርዱ። ስትወጪ ለነገ አምስት ደበርጃን ግዢ፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ፣ እዚያ ከረጢቱ መቶ ዘጠና ስምንት የን ነው አሏት።

ሦስት ሰዓት ላይ የቆዳ ሐኪሟ ዘንድ ደረሰች። ዶክተር ኢሶጋይ ገና ወጣት ሴት ነች፣ ቀልድ አታውቅም፣ ግን እጇ ፈጣን ነው። በየሁለት ሳምንቱ ጥጡን እጅግ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ነክራ ኪንታሮቱ ላይ ትይዘዋለች፤ ብርዱ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ቀኑን ሙሉ ጣት ይጠዘጥዛል። ዛሬ ለሃያ ሦስተኛ ጊዜ ነው። ቺጉሳ ጣቷን ዘርግታ ጥርሷን ነክሳ ስትጠብቅ ሐኪሟ ጥጡን አላነሳችም። ጣቷን ወደ መብራቱ አዙራ አየችና ኪንታሮቱን ማን እንደዚህ እንዳስተካከለው ጠየቀች። ቺጉሳ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማት። አለቃዬ ዓይን እንዳይገባ በየቅዳሜው ማታ በሞረድ እፍቀዋለሁ፣ አለች። በምን ሞረድ? በእግር ሞረድ። የማን እግር? የአማቴ፤ እግራቸው ሥር የዓሣ ዓይን የሚሉት የደደረ ቆዳ አለባቸው፣ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ የምፍቅላቸው እኔ ነኝ፣ የእሳቸውን ስጨርስ የእኔን እነካካዋለሁ።

ዶክተር ኢሶጋይ ጥጡን ወደ ዕቃው መለሰችው። የዓሣ ዓይን መሆኑን ማን እንዳለ ጠየቀች። ቺጉሳ አሰበች። ማንም አላለም። አማቷ ናቸው ያሉት፣ ሰውም ሁሉ እግሩ ሥር ጠንከር ያለ ነገር ሲያወጣ የዓሣ ዓይን ይላል፣ ፋርማሲውም ለዓሣ ዓይን የሚሆን ፕላስተር ይሸጣል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያ ፕላስተር ሲለጠፍ ሲላጥ ኖሯል። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሁለት ክብ ሣለች። የዓሣ ዓይን ሲፋቅ መሃሉ አንድ ጠንካራ ፍሬ ነው የሚታየው፣ አለች፤ ኪንታሮት ከሆነ ግን ሲፋቅ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ፣ በርበሬ እንደተነሰነሰበት፣ ቶሎም ይደማል። ቺጉሳ ነጥቦቹን በደንብ ታውቃቸዋለች። ከምንጣፉ የገባ ቆሻሻ እየመሰላት በየቅዳሜው በሳሙና ስታሻቸው ከርማለች።

«እኔ በየሁለት ሳምንቱ አቃጥለዋለሁ» አለች ዶክተር ኢሶጋይ፣ «እርስዎ በየቅዳሜው መልሰው ይተክሉታል።»

ከዚያ በኋላ ያለችው ሁሉ አጭር ነበር። ሞረዱ ይጣል። የገንዳው በር ላይ ያለው የእግር ምንጣፍ ይለይ፣ ውሃው ራሱ ያን ያህል አይደለም፣ ክፉው የሁሉም እርጥብ እግር የሚያርፍበት ምንጣፍ ነው፤ አማትየው መጨረሻ ይግቡ። ሰኞ ደግሞ እዚህ ያምጧቸው። ይህ ከተደረገ የእጁ በስድስት በሰባት ሳምንት ሊለቅ ይችላል፣ ካልተደረገ ግን እኔም ገንዘብዎን በከንቱ እየወሰድኩ ነው አለች። ቀጥሎ ጥጡን አነሳችና ሦስቱንም አቃጠለቻቸው። ቺጉሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመሙን ልብ አላለችውም።

ጣቢያው ላይ ባቡር ስትጠብቅ ሳቅም ልቅሶም መጣባት። ዓመት ተኩል ፎጣዋ ተለይቶ፣ ስሟ ኮቤ ደርሶ፣ በዕጣን ተተኩሳ፣ በደበርጃን ታሽታ፣ ኪንታሮቱ የመጣው ከሚያሹላት ሴትዮ እግር ነው። ባሏ ጋ ደወለችና ያለውን ሁሉ ነገረችው።  ነግራው ስትጨርስ አንድ ባቡር መጥቶ ሄደ።

«እማማ ታዲያ እንዴት ነው የሚነገራት?» አለ ኖሪዩኪ በመጨረሻ።

«አንተ ትነግራቸዋለሃ። እናትህ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ምን ብዬ? እግሯን የምታዪው አንቺ ነሽ እኮ።» ከዚያም «ደግሞ ለበዓሉ ሳቶሚ ስለምትመጣ፣ እስከዚያ ባናስከፋት» ብሎ ጨመረበት። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው።

የምትሠራበት መደብር ምድር ቤቱ ሙሉ በሙሉ የምግብ ነው። ከባቄላ ሊጥ የሚሠሩ ጣፋጮች በሚሸጡበት ባንኮኒ አሥራ አራት ዓመት ቆማለች። ሣጥኑን በወረቀት ጠቅልላ፣ ገመዱን አዙራ፣ ቋጠሮውን ዓይን ሳያየው ስትስበው ደንበኞች ቆመው ያዩአታል። ኪንታሮቱ ሲበዛ ግን አንዲት ሴትዮ ጣቷን አይታ የገዛችውን መልሳ ሄደች፣ በማግስቱም የባንኮኒው ኃላፊ አቶ ኩዙሃራ ከመጋረጃው ኋላ ሣጥን የምታጥፍበት ወንበር ሰጧት። ትሁት ሰው ናቸው፤ ትሕትናቸው ነው የሚገለው። ዛሬም ወደ ኋላ ገቡና የእጇን ሁኔታ በአክብሮት ጠየቁ፣ በፕላስተር የተጠቀለለውን ጣት አይተውም በአክብሮት አንገታቸውን ደፉ። ነገሩን ግን ተናገሩት። በመስከረም፣ ሰው ጣፋጭ ይዞ ወደ ዘመዶቹ መቃብር በሚሄድበት ሳምንት፣ ባንኮኒው ላይ ስድስት ሰው ያስፈልጋል። እጇ እስከዚያ ንጹሕ ከሆነ የመጀመሪያዋ ተመዳቢ እሷ ነች። ካልሆነ ከከተማ ውጪ ያለው መጋዘን ቦታ አለ፣ ደመወዙም አይቀነስም፣ እዚያ ደንበኛ ስለሌለ ለእርስዎም እፎይታ ነው አሉ። ለእሷ እፎይታ! መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስትቆጥር ጡረታ ልትወጣ። ስምንት ሳምንት ነው የቀራት።

ቀኑን ሙሉ ሣጥን ስታጥፍ ለአማቷ የምትለውን በልቧ ስትገጣጥም ዋለች። አንዴ በቁጣ አደረገችው፣ የስልኩን ወሬ ቃል በቃል እየመለሰች። አንዴ በልስላሴ፣ ስለ ጤናቸው እንደተጨነቀች አስመስላ። ሁለቱም አፏ ላይ አልሄድ አሉ። በመጋረጃው ቀዳዳ ሪሆ የምትባለው አዲሷ ልጅ ገመዱን ስትቋጥር ታያታለች፤ ቋጠሮው ይላላል፣ ልጅቷ ትፈታዋለች፣ ደግማ ትቋጥረዋለች፣ ደንበኛው ሰዓቱን ያያል። አንዲት ከዘራ የያዙ አሮጊት ያቺ ቋጠሮ የምታውቀው ሴት የት ሄደች ብለው ሲጠይቁ ሰማች። ሪሆ «ዛሬ የለችም» አለች። ቺጉሳ ከአራት እርምጃ ወዲህ ተቀምጣ የለችም ስትባል ሰማች፣ በእጇ ያለውንም ሣጥን በስህተት ወደ ውጭ አጠፈችው። በዚያን ጊዜ ነው ዛሬውኑ እናገራለሁ ያለችው፣ ሳቶሚም ትምጣ በዓሉም ይምጣ። ስትወጣ ከምድር ቤቱ ዳር ካለው ሱቅ ሁለት አዲስ ሞረድ ገዛች፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ፣ እያንዳንዱ ሦስት መቶ ሰማንያ የን። ጣቢያው ፊት ለፊት ደግሞ፣ ልማድ ሆነና፣ አምስቱን ደበርጃን ገዛች።

እራት ተበልቶ ዕቃው ሲነሳ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። ቅዳሜ የእግር ቀን ነው። ወይዘሮ ኪኑኤ እግራቸውን በሳፋ ለብ ባለ ውሃ ነክረው ቆይተው፣ መሬት ላይ በተነጠፈው ጋዜጣ ቀኝ እግራቸውን ዘረጉ፣ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ኖሪዩኪ ከጎናቸው ተቀምጦ የሚታየውን የምግብ ፕሮግራም እንደ ትልቅ ቁም ነገር ያያል። ያውቃል፣ ስለሚያውቅም አንገቱን አላዞረም። ቺጉሳ መነጽሯን አድርጋ ተንበረከከች። የሰባ ስምንት ዓመት እግር ነው፣ ቀላል፣ ሙቅ፣ ቆዳው ቀጭን። አውራ ጣቱ ሥር ያለውን በአውራ ጣቷ ጠራርጋ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ነጥቦቹ አሉ። ቆጠረቻቸው፣ ሰባት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ስትገጣጥመው የዋለችው ነገር አንዱም ከአፏ አልወጣ አለ።

«ሞረዱ የታለ?» አሉ ወይዘሮ ኪኑኤ።

«ጣልኩት።»

«ምን ሆነና? ደህና ሞረድ እኮ ነው።»

ቺጉሳ ተነሳች፣ ወጥ ቤት ገባች፣ ከከረጢቱ አንድ ደበርጃን አውጥታ ቆቡን በአንድ ምት ቆረጠችው። ተመልሳ ተንበረከከችና የተቆረጠውን ፊት የአማቷ እግር ሥር አድርጋ ታሽ ጀመር። ወይዘሮ ኪኑኤ ደንግጠው እግራቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ቁርጭምጭሚታቸውን ያዘችው። እንዲህ አድርጋ ይዛቸው አታውቅም።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? የእኔ እኮ የዓሣ ዓይን ነው።»

«አይደለም፣ እማማ። ኪንታሮት ነው። ሐኪሟ ነግራኛለች፣ ምልክቱንም አሁን በዓይኔ አየሁት። የእኔም የመጣው ከዚህ ነው፣ በሞረዱ።» ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ከመደብሩ አይደለም። ለሳቶሚ እንደነገሯት አይደለም።»

ኖሪዩኪ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። ወይዘሮ ኪኑኤ እጃቸውን ዘርግተው ሪሞቱን ከእጁ ወሰዱና ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ጎረቤት የሚጠበስ ዓሣ ብቻ ይሰማል። ቺጉሳ ማሸቷን አላቆመችም፣ ብታቆም ወይ ትጮኻለች ወይ ታለቅሳለች። መናገር ከጀመረች ደግሞ ሁሉንም ብትጨርሰው ይሻላል አለች። መስከረም ላይ ወደ ባንኮኒው ካልተመለስኩ መጋዘን ነው የሚልኩኝ፣ ሰኞ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ ምንጣፉም ከዛሬ ጀምሮ ይለያል አለች፤ ይሄዳሉ ወይ ብላ አልጠየቀችም። አሮጊቷ እግራቸው ሥር የሚዞረውን ደበርጃን ሲያዩ ቆዩ። ፊታቸው ቀልቶ ነበር። ይቅርታ ይላሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ አላሉም።

«በግራ በኩል ነው የሚዞረው» አሉ በመጨረሻ፣ ዝግ ብለው። «አንቺ በቀኝ እያዞርሽው ነው።»

ቺጉሳ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ አቀረቀረችና በግራ በኩል ታዞረው ጀመር። ሰላሳ እስኪሞላ ቆጠሩ፣ ሁለቱም፣ ድምፅ ሳያሰሙ።

የገንዳው ማሽን ውሃው መሙላቱን በዜማው ተናገረ። ኖሪዩኪ ከዚህ ክፍል የሚያወጣው ነገር በማግኘቱ ደስ ብሎት እናቱን «ልግባ ወይስ ትገቢያለሽ?» በሚል ዓይን እያየ ብድግ አለ፣ ፎጣውንም ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«ቁጭ በል» አሉት እናቱ። ወደ ቺጉሳም ሳይዞሩ «አንቺ ግቢ» አሉ።

«እርስዎ ይቅደሙ እንጂ፣ እማማ» አለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለችውን ምላሷ ሳታስበው አለላት።

«ግቢ አልኩሽ። ይቀዘቅዛል።»

ገላዋን ከውጭ ታጥባ ገንዳው ክዳን ላይ እጇን አሳረፈች። ስታነሳው ውሃው እስከ አፉ ሞልቶ፣ ጥርት ብሎ፣ እንፋሎቱ ፊቷን መታት። አንድ ፀጉር እንኳ የለበትም። እግሯን ከተተች፣ ከዚያ ሌላውን፣ ስትቀመጥ ውሃው በአራቱም በኩል ተርፎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ያን ድምፅ በዚህ ቤት የሰማችው ሌሎች ሲገቡ ነው፣ ዕቃ እያጠበች፣ ከግድግዳው ወዲያ ሆና፤ እሷ ዘንድ ሲደርስ ውሃው ሁልጊዜ ስለሚጎድል ተርፎላት አያውቅም። ፕላስተር ያለበትን ጣቷን ከውሃው በላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ደስታ ይሁን ንዴት አልለየላትም። ይህን ለማግኘት ሐኪም መመስከር ነበረበት።

ከበሩ ወዲያ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ወይዘሮ ኪኑኤ ማንሾካሾክ ጀመሩ።

«ሳቶሚ? ጠዋት ያልኩሽን ተይው» ይላሉ። «አዎ፣ ፎጣው ተለይቷል። አይ፣ የእኔ ነው የተለየው። ዛሬ መጨረሻ የምገባው እኔ ነኝ።» አደመጡ። «ለምን ትያለሽ? እግሬ ነዋ። እሷማ ምን አጠፋች፣ ከእኔ ነው የያዛት።» እንደገና አደመጡ፣ ቀጥለውም የተለመደው ድምፃቸው ተመለሰ። «ደበርጃኑን እኔም ጀምሬዋለሁ። ለቆቡ ግን አንድ ማሰሮ አፈር ስትመጪ ይዘሽ ነይ፣ ይሄ ጠባቂ አላስቀብር ብሎኛል።»

ቺጉሳ ሳቋ መጣና አፏን ውሃ ውስጥ ከተተችው። ሆዷ ባባ፣ ሆዷ ስለባባም ተናደደች፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በአንድ ስልክ የሚሽር ነገር አልነበረማ። በሩ ላይ ኖሪዩኪ ሳል ቢጤ አሰማ፣ ተራው መድረሱን ሊያስታውስ።  እግሯን እስከ ጫፍ ዘረጋችና ሁለቱም እየጠበቁ መሆናቸውን እያወቀች፣ ውሃው ለብ እስኪል ድረስ እዚያው ተቀመጠች።